የአራዳው ኬላ

ሰው ሲባል የሌላውን ኬላ አይወድም። የራሱን ግን መቼ ኬላ ብሎ ይጠራዋል፤ «አገልግሎት» ነው የሚለው። ድሮ ነጋዴ ማርና ጨው ጭኖ ሲያልፍ በየበሩ ቀራጭ ቆሞ ይጠብቀው ነበር አሉ። ዛሬ ቀራጩ ስልካችን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። አንዱ ምስኪን ዓይኑ እስኪቀላ አፍጥጦ መተግበሪያ ይሠራል፤ ወደ እኔና ወደ እናንተ ስልክ የሚያስገባው በር ግን የትልልቆቹ ኩባንያዎች ስለሆነ፣ ከሽያጩ ጠቀም ያለ ድርሻ ቆርሰው ያስቀራሉ። በሌላ በር ልግባ ቢል ክልክል ነው። የየአገሩ ተቆጣጣሪዎችና ኩባንያዎቹ በየፍርድ ቤቱ የሚጓተቱት ለዚህ ነው።

እኔ አራዳ ውስጥ ሞባይል ቤት አለኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ መተግበሪያ እጭናለሁ። ይህን ክርክር በሬዲዮ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በቀደም ዕለትም ደንበኞቼ ፊት «ያልዘሩትን የሚያጭዱ! ሌባ በሉልኝ!» እያልኩ ስፎክር ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ቢሰሙኝ ጠበቃ አድርገው በቀጠሩኝ።

በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ ቄስ ገቡ። ከመካነ ብርሃን በመኪና ሲንገላቱ ውለው የመጡ ናቸው፤ አቧራው ጥምጥማቸው ላይ ሳይቀር ነበር።

«ልጄ፣ የዳዊቴ ፊደል ጉንዳን ሆነብኝ። ፊደሉ የሚያድግ ዳዊት በስልክ አለ አሉኝ። እውነት ነው?»

«አለ፣ አባ።»

በእርግጥም አለ። አንድ የማላውቀው ሰው ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር ጽፎ፣ ፊደሉ በጣት ሲገፉት እንዲያድግ አድርጎ፣ በነፃ ለቆታል። እኔ ደግሞ በነፃ አውርጄ፣ ከስልኬ ወደ ሰው ስልክ እያሻገርኩ፣ የመጫኛ አስከፍልበታለሁ። የቤት ኪራይ አለ፣ መብራት አለ፣ ምን ላድርግ? (ኩባንያዎቹም እኮ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ያኔ ግን አልታየኝም።) ጫንኩላቸው። ስልኩን ይዘው ወደ ደጁ ብርሃን ወጡና የመጀመሪያውን መዝሙር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። እንባቸው መጣ። ተመልሰው የመጫኛውን ብር ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ እየፈቱ ጠየቁኝ።

«ይህ ለማን ነው?»

ደንበኞቼ ጆሯቸውን አቁመዋል። አፌ ቀደመኝ።

«ለሠሪው ነው፣ አባ።»

«ይገባዋል! ሸጋ ሰው ነው። ግን ብር ምን አላት? ስመ ክርስትናውን ንገረኝ፤ በየቅዳሴው አነሳዋለሁ።»

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። የሰውየውን የዓለም ስሙን እንኳ አላውቅ፣ የክርስትና ስሙን ከየት ላምጣ? አላውቀውም ብል ደግሞ ገንዘቡን እንዴት አድርጌ ነው የማደርስለት?

«ምነው ልጄ፣ ረሳኸው?»

«ወልደ ሚካኤል» አልኩ።

የእኔ ነው። ከእናቴና ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም። ቄሱ እንዳይረሱት በከንፈራቸው ደጋገሙት፤ ከዚያ እኔንም ባርከውኝ ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አፈርኩ። እንዲህ ያለ እፍረት አላውቅም። ኩባንያዎቹ እንኳ የሚቆርሱት ከገንዘቡ ነው፤ የሠሪውን ጸሎት አይነኩም። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ዳዊት በነፃ እጭናለሁ። ለዘፈን ግን አስከፍላለሁ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መተው ይከብዳል።

ትናንት እንደምንም ልቤን አጠንክሬ ደወልኩላቸው፤ ቁጥራቸውን ስልካቸውን ሳስተካክል ይዤው ነበር።

«አባ፣ ያ የነገርኩዎት ስም...»

«ወልደ ሚካኤል! ምኑን እረሳዋለሁ? እሑድ በቅዳሴ አነሳሁት፤ ለሕዝቡም ነገርኳቸው። አገሩ ሁሉ ነው አሜን ያለለት!»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«አይ... ፊደሉ ደህና ይታይዎታል ወይ ልል ነው።»

«ሸጋ አድርጎ!»

እሰይ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።