የወላጆች ኮሚቴ በፖሰም ላይ ያወጣው መግለጫ

አገር የሚድነው በኮሚቴ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሐበሻ ወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ከሆነው ከአቶ እንግዳወርቅ ጋር አንድ ቀን ይዋል። እንግዳወርቅን ሰው ብቻ ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። በልጆች ልደት ላይ እንኳ ሻማ ሊጠፋ ሲል "ከዚያ በፊት አጭር መልእክት አለኝ" ብሎ ይነሣል፤ መልእክቱ ሲያልቅ ሻማው ቀልጦ ኬኩ ላይ ፈስሷል።

አደጋው የመጣው ሁለተኛ ክፍል በምትማረው በልጁ በሜሪ በኩል ነው። ሜሪ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። መምህርቷ ሚስ ራሚሬዝ የጥንት የሜክሲኮ ሕዝቦችን ተረቶች በሥዕል የያዘ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ልጆቹ መጀመሪያ ሥዕሉን አይተው ቀጥሎ የሚሆነውን ይገምታሉ፤ ከዚያ ያነቡታል፤ በመጨረሻም በትያትር መልክ ይጫወቱታል። በአንደኛው ተረት ውስጥ ፖሰም፣ ያ የቆሻሻ በርሜላችንን እየገለበጠ የሚያስቸግረን አውሬ፣ እሳት ከምትሰስት አሮጊት ቤት ገብቶ ጭራውን ይለኩስና ሮጦ ብርድ ለጨረሰው ሕዝብ ያካፍላል። ጭራው መላጣ የቀረው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። ሜሪ ሥዕሉን ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አውጥታ "እኔ ፖሰሙን ልሁን" አለች። ተፈቀደላት። አስፐን ሂል ባለው አፓርትመንታቸው ከሶፋ ሶፋ እየዘለለች ለቤተሰቡ እሳት ስታድል ሰነበተች።

እንግዳወርቅ ነገሩን ሲሰማ ደሙ ፈላ።

"የኔ ልጅ? የጋርቤጅ አይጥ?"

"አይጥ አይደለም ዳዲ። ሂ ኢዝ ዘ ሂሮ።"

"ሂሮ በርሜል ውስጥ አይገባም!"

ኮሚቴው አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ጸሐፊው አቶ ሳህሉ "ለመሆኑ መጽሐፉን ያነበበ አለ?" ብለው ጠየቁ። ማንም አላነበበም። ይህም በጎ ነገር ነው፤ ያላነበቡትን ማውገዝ ከአድልዎ ነፃ ያደርጋል። ክትፎው ሳይቀርብ የአቋም መግለጫው ጸደቀ፦ "የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ባለቤት የሆነ ሕዝብ ልጅ፣ የቆሻሻ በርሜል አውሬ ሆና እንድትተውን መደረጓን በጥብቅ እናወግዛለን።" ተጨበጨበ፤ ክትፎውም መጣ።

እንግዳወርቅ መግለጫውን ይዞ ሚስ ራሚሬዝ ዘንድ ቀረበ።

"ልጄ አንበሳ ትሁን።"

"ተረቱ ውስጥ አንበሳ የለም።"

"ይግባ።"

"የት ጋ?"

"ከፖሰሙ በፊት።"

መምህርቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ዓርብ ዕለት ከጨዋታው በፊት መጥተው ከራሳችሁ ተረቶች አንዱን ቢነግሩንስ? ልጆቹ ደስ ይላቸዋል" አለችው። ግብዣውን በክብር ተቀበለ። ሜሪ ግን አትጫወትም ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ለጨዋታው የተሠራው የፖሰም ጭራ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ሜሪ እራቷን ሳትበላ ተኛች። እንግዳወርቅ "ለክብር መሥዋዕትነት ይከፈላል" አለ። እርግጥ ነው፣ የከፈለችው እሷ ናት።

ዓርብ ደረሰ። እንግዳወርቅ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫቱን አጥብቆ ልጆቹ ፊት ቆመ።

"ተረት ተረት!"

ልጆቹ አፍጥጠው አዩት።

"'የላም በረት' በሉ እንጂ!"

አሉ። ጊዜ ለመግዛት ሲል ደግመው ደጋግመው አስባላቸው። ከዚያ "ጅብና ቀበሮ አብረው ሲሄዱ..." ብሎ ጀመረ። ሲሄዱ፣ ሲሄዱ፣ ሲሄዱ የት እንደደረሱ ጠፋው። ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ለአቶ ሳህሉ ኮል አድርጎ ነበር፤ እሳቸውም የሚያውቁት እስከዚያው ድረስ ነበር። ተረትም እንደ ኮሚቴ ነው፤ አጀማመሩን ሁሉም ያውቀዋል። ላብ አጠመቀው። ሊቀመንበር ግን አያፍርም። ድንገት ፊቱ በራ።

"ጥንት ሰው እሳት አልነበረውም! እሳት የነበራት አንዲት ስስታም አሮጊት ብቻ ናት። ታዲያ አንድ ጀግና አንበሳ ጭራውን ለኩሶ..."

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ "ይሄማ የፖሰሙ ተረት ነው!" አለ።

"ከእኛ ነው የወሰዱት" አለ እንግዳወርቅ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "እሳቱን በጭራው ካመጣ የአንበሳ ጭራ ለምን አልተመለጠም?"

ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነበር። እንግዳወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ፤ ጣሪያውን አየ። ልጆቹ ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ከኋላ ረድፍ አንድ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሜሪ ነበረች።

"ያመጣው አንበሳው አይደለማ! ፖሰሙ ሲቃጠል እሱ ንግግር እያደረገ ነበር።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጭራውን የታጠቀው ልጅ ፈትቶ ለሜሪ አቀበላት። አቶ እንግዳወርቅም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የመዝጊያ ንግግር ሳያደርግ መድረክ ለቀቀ።