ሰባት መቶ አርባኛው ፊታውራሪ ዶናል

ተሸንፎ ቤቱ የማይገባ ሰው የሌለበት አገር የለም። ዳባት ላይ ለአንድ ትልም ድንበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከራከረ ሰው አውቃለሁ፤ በተፈረደበት ቁጥር ጋቢውን አራግፎ «ይግባኝ!» ይላል። ዛሪማ ላይ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ሰባት ጊዜ የወደቀ አለ፤ እሱ ሲመላለስ መንገዱ አስፋልት ሆነ። እኔ ግን የእነዚህን ሁሉ አለቃ ከበቅሎዬ ኋላ አስከትዬ ሰሜን ተራራን ዞሬያለሁ። ፊታውራሪ ዶናል ይባላል። አገሩ አየርላንድ፣ ሥራው ቴኒስ። ፊታውራሪ ብዬ የሾምኩት እኔ ነኝ፤ ከየውድድሩ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነበርና።

ቴኒስ ማለት ወንፊት በሚመስል ነገር ኳስ መምታት ነው። አይቼው አላውቅም፤ ማየትም አያሻኝ። እኔ ሊማሊሞን በጉም የበቅሎዬን ጅራት ይዤ የወረድኩ ሰው ነኝ። መንገዱን አላየሁትም፣ ግን ደርሻለሁ።

ነገሩ በሁለት ሺህ አምስት፣ ከጥምቀት ወዲህ ነው። ፊታውራሪ አዲስ አበባ ለውድድር መጥቶ በመጀመሪያው ቀን ተሸነፈ። ሌላ ውድድር እዚያው አዲስ አበባ በሳምንቱ ነበረና፣ እስከዚያ ተራራ ልይ ብሎ ደባርቅ መጣ። አስጎብኚው ፀጋው ነው፤ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ የሚጠጣ ልጅ። ጫኙ እኔ።

ይህ ሰውዬ አንድ ቃል አለችው፦ «ጥሩ ኳስ!» በጨዋታው ተጋጣሚ ጥሩ ሲመታ የሚባል ነው አሉ፤ እሱ ግን የመታውን ሁሉ ያመሰግንባታል። ሳንቃ በር ላይ በቅሎዬ ቦራ ጭኑን ረገጠችው፤ እየዘለለ «ጥሩ ኳስ!» አላት። ግጭ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ዳቦውን ከእጁ ነጥቆ ገደል ገባ። «ጥሩ ኳስ!» ፀጋው ሲተረጉምልኝ፣ «ይኼ ሰው ወይ ጻድቅ ነው ወይ ጅል» አልኩት።

«ሁለቱንም ነው አያ ያርጋል» አለኝ።

እዚያው ግጭ ምሳ ላይ፣ «ለመሆኑ በዓለም ስንተኛ ነህ በለው» አልኩ።

«ሰባት መቶ አርባኛ።»

አሁን የደባርቅን የበቅሎ ማኅበር ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። እኛ የጎብኚ ዕቃ የምንጭነው በመዝገብ ተራ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሊቀመንበራችን ሀብተ ሚካኤል ስም ይጠራል። «አለሁ!» ያለ ተራውን ይጠብቃል። ዝም ያለ፣ እዚያው ቆሞ ቢገኝም ቀሪ ነው፤ ወደ መዝገቡ ጭራ ይወርዳል። የሀብተ ሚካኤል የገዛ ወንድሙ ሲያስነጥስ ስሙ አልፎት ቀሪ ተብሏል። መንገድ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው ሌላው «አለ!» የሚልለት። እኔ በዚያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ አንድ ቀን ቀሪ ተብዬ አላውቅም ነበር፤ ይኼን ማንንም ጠይቁ።

ስለዚህ፣ «ታዲያ ምን ያስጨንቀዋል?» አልኩ። «ሰባት መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ሲወጡ ይደርሰዋል። ስሙ ሲጠራ መገኘት ብቻ ነው።»

ፀጋው በሳቅ ፈረሰ። «አያ ያርጋል፣ ይኼ እኮ እንደ እናንተ ወረፋ አይደለም! ማሸነፍ አለበት!»

«አንተ ንገረው ብቻ።»

ነገረው። ፊታውራሪም ሳቀ፣ ሳቀ። ቆይቶ፣ አባቱ አገሩ ላይ ሥራ እንዳገኘለት አወጋን። የሚመጣው ውድድር የመጨረሻው ነው። አንድ እንኳ ካላሸነፈ ወንፊቱን ሰቅሎ ይገባል። ውድድሩ ውስጥ ለመግባት ደግሞ ዓርብ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አዲስ አበባ ተገኝቶ መፈረም አለበት።

ሐሙስ ማለዳ አምባራስ መንደር ላይ መኪና ሊወስደን ነበር። ፀጋው ኮረብታ ወጥቶ ስልክ ሲያገኝ መኪናው ተበላሽቷል ተባለ። ፊታውራሪ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በዚያን ቀን «ጥሩ ኳስ» አላለም። እኔን የበላኝ ይኼ ነው።

«ዓርብ ካልተገኘ ምን ይሆናል?» አልኩ።

«ስሙ አይገባም፤ አለቀ» አለ ፀጋው።

«ተነሣ በለው!»

እኔ የማውቀውን አቋራጭ መላእክትም አያውቁት። ሻንጣውን ቦራ ላይ፣ ሰውዬውን በእግሩ። ሮጠ እላችኋለሁ! ዳገቱን እንደ ዋልያ። ሳንቃ በር ላይ ቦራ እምቢ ብላ ቆመች፤ ፊታውራሪ ሻንጣውን ከጀርባዋ አውርዶ ራሱ ተሸክሞ ቀጠለ። በቅሎ ስትሸነፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደባርቅ ገብቶ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሰቀለ። እኔም ወዲያው ደረስኩ። እሺ፣ ትንሽ ቆይቼ።

እሑድ ፀጋው እየሮጠ መጣ። «ደወለ!» ፊታውራሪ በሰዓቱ ፈርሟል፤ ግን ቦታው ሞልቶ ተጠባባቂ ተባለ። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ጫማውን ሳይፈታ ሜዳው ዳር ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ አንዱን ተጫዋች ሆዱን ቆረጠው፤ ስም ተጠራ፤ ፊታውራሪ ተገኘ። ገብቶም አሸነፈ! በማግስቱ ተሸነፈ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። «ለአያ ያርጋል ተራዬ ደረሰ በለው፤ አገሬ አልገባም ብሏል» አለኝ ፀጋው።

ሰኞ ሀብተ ሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። «ዶናልን መዝገብ ላይ አስፍርልኝ።»

«ፈረንጅ በበቅሎ ተራ? ምነው አያ ያርጋል፣ ጃጁ እንዴ?»

«መንገድ ላይ ነው። እኔ አለ እልለታለሁ። ተራው ሲደርስ ታንጉት ትውጣበት።» ታንጉት ባሏ የሞተባት፣ በአንዲት በቅሎ አራት ልጅ የምታሳድግ የማኅበራችን ሰው ናት። ሰውም ለእሷ ሲል ተስማማ።

አምስት ዓመት ሙሉ «ዶናል!» ሲባል «አለ!» እያልኩ ኖርኩ። ፀጋው በስልኩ ቁጥሩን እያየ ይነግረኛል። ስድስት መቶ ዘጠና ገባ፤ ተመልሶ ስምንት መቶ ሆነ። ሰምተን በማናውቀው አገር ሁሉ ተሸነፈ፤ አልፎ አልፎም አሸነፈ።

አምና ፀጋው አንገቱን ደፍቶ መጣ። ጉልበቱ እምቢ ብሎት ፊታውራሪ አቁሟል፤ አገሩ ገብቶ ልጆች ያስተምራል። ሀብተ ሚካኤል ሰማ። «እንግዲህ መንገድ ላይ አይደለም፤ ይሰረዛል።»

«ጥራውና እንይ» አልኩት። ያን ሰኞ ስሙ ከእኔ ስም በላይ ነበር።

«ዶናል!»

አፌን ከፈትኩ። እኔ፣ ሦስት ቀበሌ የሚሰማ ድምፅ ያለኝ ሰው፣ ቃል አጣሁ።

«አለ!» አለች ታንጉት ከኋላዬ። «መንገድ ላይ ነው!» ከዚያ ሰልፉ ሁሉ፣ «አለ! አለ!»

ሀብተ ሚካኤል ቀና ሳይል መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ። እኔ ዓይኔ አቧራ ገብቶበት በጋቢዬ ጫፍ እየጠራረግኩ ነበር።

ቀጥሎ የእኔ ስም ከነአባቴ ተጠራ። «ያርጋል አለነ!... ያርጋል አለነ!... ቀሪ።»

ማኅበሩ በገባሁ በሃያ ሰባት ዓመቴ ወደ መዝገቡ ጭራ ወረድኩ። ፊታውራሪ አሁን ይቀድመኛል። ምን ይባላል፤ ጥሩ ኳስ ነበረች።