ዶክተር ካሴትና አሥራ አንዱ እርምጃ

አክስቴ በየቀኑ ጠዋት የመዝገብ ቤቱን በር ከፍታ ስትገባ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ካፖርቷንም ሳታወልቅ፣ በአንድ እጇ የቴፑን ቁልፍ ትጫንና የሌላ እጇን ሌባ ጣት ወደ ጣሪያው ትቀስራለች። ጣቷ እስኪወርድ ድረስ ትንፍሽ የሚል የለም። ማስነጠስ የመጣበት እንኳ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኮሪደር ይወጣል። ዘፈኑ አልቆ ጣቷ ሲወርድ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

እንደ እሷ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ፣ የሌለበት ቢሮ፣ የሌለበት ሰፈር በምድር ላይ አይገኝም። ችግራችሁን ስትነግሩት ሌላው ሰው ይመክራችኋል፣ ወይም ከእናንተ የባሰ የራሱን ችግር ያወራችኋል፤ እነዚህ ግን "ቆይ፣ አንዲት ዘፈን ላሰማህ" ይላሉ። ከመካሪ ማምለጥ ቀላል ነው፤ ራስን እየነቀነቁ ስለ ራት ማሰብ ይቻላል። የዘፈን ሰው ግን ዘፈኑን ከፍቶ አይተዋችሁም። ዓይኑን ፊታችሁ ላይ ተክሎ፣ ልባችሁ መነካት ያለበት ቦታ ላይ መነካቱን ይቆጣጠራል። "ቆይ… ቆይ… አሁን ነው!" ይላል። ያን ጊዜ ዓይናችሁ ወደ መስኮት ከሸሸ አለቀላችሁ፤ ካሴቱ ወደ ኋላ ይጠነጠናል።

የዚህ ወገን ሊቀ መንበር የሆነችው ክብርት አክስቴ በመሥሪያ ቤቷ "ዶክተር ካሴት" ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ሃያ አራት ዓመት የሰው ፋይል ስታደራጅ የኖረች ሴት ናትና ዘፈኖቿንም ያደራጀችው በዚያው ሥርዓት ነው። በጫማ ካርቶን ውስጥ የተደረደሩት ካሴቶች ቁጥር አላቸው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ደግሞ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ የዘፋኙ ስም የለም። የሕመሙ ስም ነው ያለው። "የእጮኛ ክህደት፣ አዲስ።" "የእጮኛ ክህደት፣ የቆየ።" "ፈተና መውደቅ።" "ከአለቃ ጋር መጣላት፣ ጥፋቱ የአለቃ ሲሆን።" ጥፋቱ የሠራተኛው ሲሆን የሚሰማ ዘፈን እስካሁን አልተገኘም።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ጉንጩ አብጦ መጣ።

"ዶክተር፣ ጥርሴ ሊገድለኝ ነው።"

"ቁጭ በል።" ጣቷ ተቀሰረ።

ሰውየው ጉንጩን ደግፎ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለ መለያየት ሰማ።

"እህ፣ እንዴት ነው?"

"ዘፈኑ ጥሩ ነው። ጥርሴ ግን እንዳለ ነው።"

"አላዳመጥከውማ! በጥርስህ ነው የሰማኸው።"

ደገመችለት። ሦስተኛውን ልትከፍትለት ስትል ሰውየው ብድግ ብሎ በቀጥታ ወደ ጥርስ ሐኪም ሮጠ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማስነቀል ሲፈራው የኖረውን ጥርስ አስነቅሎ ተመለሰ። አክስቴ ካርዱ ላይ "ተፈወሰ" ብላ ጻፈች።

የክፍሉ ኃላፊም እንዲሁ አንድ ጊዜ ፋይል ጠፋ ብሎ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ገባ። ሊጮህ አፉን ሲከፍት ጣቷ ቀደመው። አፉን እንደከፈተ አራት ደቂቃ ቆመ። ዘፈኑ ሲያልቅ ግራ ተጋብቶ "ምን ፈልጌ ነበር የመጣሁት?" አላት። "ይህንኑ ነዋ" አለችው፣ ካሴቱን እያሳየች። አመስግኗት ወጣ።

"ዓይን አፋርነት" የሚለው ካርድ ደግሞ ለእኔ ብቻ የተከፈተ ነው። ለመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቄ ስሄድ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ተከትላኝ መጥታ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክታ የወታደር ማርሽ አሰማችኝ። ገብቼ ስሜን ሲጠይቁኝ በማርሹ ምት ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሥራውን አገኘሁ፤ ሆኖም ከጠያቂዎቹ አንዷ እስከ ዛሬ ድረስ ስታየኝ ቀጥ ብላ ትቆማለች።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሳቅ ነው። ከዚያ እናቴ ወደቀች።

መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ነበር። የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው በደንብ አለቀ፤ በሦስተኛው ቀን አቁመው ሊያራምዷት ሲሞክሩ ግን ጉልበቷ ከዳትና ከነርሷ ጋር ተያይዘው ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ነርሷ ተነሳች። እናቴ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ መቆም የሚባል ነገር እርም አለች። ቤት ከገባች በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ እየመጣ "እማማ፣ ዛሬ ትንሽ እንሞክር?" ሲላት፣ "ነገ" ትለዋለች። በማግስቱም ነገ ነው። ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ሂሳብ ያስተማረች ሴት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ሐኪሙ ለእኔና ለአክስቴ ምንም አልደበቀንም። "አጥንቱ እየያዘ ነው" አለን። "ጡንቻው ግን ካልተሠራበት ይከዳታል። ሰኞ ቀጠሮዋ ነው። እስከዚያ ካልቆመች ተሽከርካሪ ወንበሩን ብትለምዱት ይሻላል።"

አክስቴ የዚያኑ ዕለት ፈቃድ ጠየቀች። ሐሙስ ጠዋት ቴፑን በብብቷ፣ የካሴት ካርቶኗን በሌላ እጇ ይዛ በራችንን በክርኗ ገፍታ ገባች።

"እታለም፣ መድኃኒትሽን ይዤልሽ መጣሁ።"

"ያዘዘልኝን ውጫለሁ" አለች እናቴ፣ ለግድግዳው።

"ያ ለአጥንትሽ ነው።"

ያመጣችው የእናቴን የሰርግ ዘፈን ነበር። ይህን ዘፈን ከዘመዶቻችን የማያውቅ የለም። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት አክስቴ ራሷ መርጣ በእህቷ ሰርግ ላይ ያስከፈተችው ነው። ሰባት ደቂቃ ይረዝማል፤ የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ አኮርዲዮን ብቻ ነው። ከዚያ ዘፋኙ አንዲት ቃል ይይዝና ዳገት ወጥቶ፣ ቁልቁለት ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ይመለሳል፤ ቃሏ ግን ገና አላለቀችም። እናቴ በሰርጓ ዕለት ይህን ስትሰማ በዕንባ ታጠበች። በዚያው የእናቴ ተወዳጅ ዘፈን ሆኖ ቀረ። በየልደቷ ተከፈተላት፣ በሬዲዮ ተመረጠላት፣ ጡረታ ስትወጣም የሥራ ባልደረቦቿ ተሰብስበው ዘፈኑላት። እሷም አኮርዲዮኑ ሲጀምር ዓይኗን ትጨፍናለች። "እዩዋት፣ ስትመሰጥ!" እንባባላለን።

አልጋው አጠገብ ያለው ሶኬት ተቃጥሎ ስለነበር ቴፑ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ፣ በሩ ጥግ ካለው ኮመዲኖ ላይ ተቀመጠ። ሐሙስ ዕለት ዘፈኑ ዘጠኝ ጊዜ ተከፈተ። ዓርብ አሥራ አራት ጊዜ። አክስቴ በካሴቱ ግራና ቀኝ ይህንኑ እየደጋገመች ስለቀዳችው ማምለጫ አልነበረም።

"እቱ፣ እባክሽ ትንሽ ቀንሺው።"

"መጠኑ ከተቀነሰ አይሠራም። መድኃኒት እኮ ነው።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤ ስገባ አክስቴ ከአልጋው ግርጌ ወንበር ላይ ተቀምጣ የእህቷን ፊት እያጠናች ነበር። አኮርዲዮኑ አልቆ ዘፋኙ ቃሏን ይዟት ተነስቷል።

"አጥፊው" አለች እናቴ።

"ቆይ፣ እታለም፣ አሁን ነው!"

"አጥፊው አልኩሽ።"

"ይህቺ ቦታ ብቻ ትለፍ። ያለቀስሽባት ቦታ! ይኸው፣ ልብሽ ሲነካ ፊትሽ ላይ እየታየኝ ነው!"

ፊቷ ላይ የሚታየውን እኔም አየሁት፤ መነካት ግን አልመሰለኝም። እናቴ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። እግሮቿን አንድ በአንድ ወደ ወለሉ አወረደች። ሁለት ሳምንት ፎጣ ማስጫ ሆኖ የከረመውን የብረት መደገፊያዋን ሳበች፣ ፎጣውን ወረወረች፣ ሁለቱን እጀታዎች ጨበጠች። ቆመች። እኔ ትሪውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

አንድ። ሁለት። ዓይኗ ከቴፑ ላይ አልተነሳም። አራት፣ አምስት። ዘፋኙ ዳገቱን ጀምሮታል። ሰባተኛዋ ላይ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፣ ትከሻዋ ወደ ግራ ዘመመ፤ ጥርሷን ነክሳ ቀና አለች። ስምንት። ዘጠኝ። በአሥራ አንደኛዋ ኮመዲኖው ጋ ደረሰችና የቴፑን ቁልፍ እንደ ትኋን ደፈጠጠችው።

ቤቱ ጸጥ አለ።

"ሠላሳ ሁለት ዓመት!" አለች እያለከለከች። "ሠላሳ ሁለት ዓመት ይህን ሰውዬ ቻልኩት! አንዲት ቃል እኮ ነች፤ ተናግሯት አይገላገልም?"

"በ… በሰርግሽ ቀን አልቅሰሽ የለም እንዴ!"

"ጫማዬ ጠቦኝ ነዋ! አንድ ቁጥር ያነሰ ጫማ አድርጌ፣ ዘፈንሽ ነውና ቁሚ ተባልኩ። ሰባት ደቂቃ!"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?"

"የመረጥሽው አንቺ ነሻ" አለች እናቴ፣ በቁጣ።

የት እንደቆመች ያስተዋለችው ያኔ ነው። ወደ ታች እግሯን አየች። ዞራ አልጋውን አየች።

"ስንት ነው?" አለችኝ።

"አሥራ አንድ።"

የሂሳብ አስተማሪ ናትና የእኔን ቃል አላመነችም፤ ወለሉን በዓይኗ ለካችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ስፌቱ እየጠቀጠቃት፣ "ወይኔ፣ ወይኔ" እያለች ሳቀች። አክስቴም ሳቀች። እኔ ሻዩን ደፋሁት።

"እሺ፣ ለመመለሻውስ ምን ልክፈትልሽ?" አለች አክስቴ ዓይኗን እየጠራረገች። "አሁን እውነቱን ንገሪኝ።"

እናቴ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ ሁሉ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"የሳሙናው።"

"የምን ሳሙና?"

"ድሮ በሬዲዮ የነበረው። 'እሽት እሽት፣ ለቅለቅ፣ ጨመቅ፣ ሰጣ!'"

ዶክተር ካሴት ግድግዳውን ተደገፈች። "ማስታወቂያ፣ እታለም? ማስታወቂያ?"

"ሃያ ሰከንድ ነው። የሚለውን ብሎ ይሄዳል።" ከዚያ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች፣ "የዚህች አባት የሞተ ሰሞን ክፍል እገባ የነበረው በእሱ ነው። ከመምህራን ማረፊያው ስወጣ በልቤ እጀምረዋለሁ። ሰሌዳው ጋ ስደርስ ያልቃል። ጠመኔዬን አነሳለሁ።"

አክስቴ ወደ ካርቶኗ ጎንበስ አለች። ካሴቱ ሁሉ ተደርድሮ ያያታል፤ የሳሙናው ግን የለም። ጉሮሮዋን ጠረገች። ለሰው ዘፈን ስትከፍት የኖረች ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ዘፈነች፤ እሽት ሲባል ቀኝ፣ እሽት ሲባል ግራ፣ እናቴ አልጋዋ ጋ ደረሰች። እሁድ ስድስት ጊዜ ተመላለሱ።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ የመጣውን ሠራተኛ እናቴ በእጇ ምልክት አሳልፋ ሸኘችው። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ ሰው ተራ ይጠብቃል። አክስቴ ከፊት ሆና፣ የአገር መዝሙር እንደምታስጀምር ቀጥ ብላ፣ "እሽት እሽት!" አለች። እኔ ግድግዳው ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ። ከወረፋው አንዲት ሴትዮ ግን ፊቷ በራና "ለቅለቅ!" ብላ ተቀበለች። እግሩ በጀሶ የታሰረ ሰውዬ ወለሉን በክራንቹ እየመታ "ጨመቅ!" አለ። "ሰጣ!" ሲባል የኮሪደሩ ሰው በሙሉ ነበር። እናቴ በመካከላቸው፣ አንገቷን አቅንታ፣ ክፍሏ እንደምትገባ አስተማሪ አለፈች። ሐኪሙ ምን ሁካታ ነው ብሎ ሊቆጣ ከክፍሉ ወጣ፤ እናቴን አየና የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ።

"ምን ሰጣችኋት?"

"ሁለት ነገር" አለችው አክስቴ፣ ለሙያ ባልደረባዋ እንደምትናገር ሁሉ። "አንድ ማስነሻ፣ አንድ ማስኬጃ።"

ካርዱ አሁን መዝገብ ቤቱ ውስጥ አለ። "የዳሌ ስብራት" ይላል። "የሰርግ ዘፈን፦ ሕመምተኛዋ እስክትነሳ። ሳሙና፦ ሕመምተኛዋ እስክትደርስ።" ከታች በቀይ እስክሪብቶ፣ "ተራመደች።"

እኔ ሰው ሲያለቅስብኝ የምለው ይጠፋኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ግጥም ሁሉ ያኔ ጥሎኝ ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ከሥራ ተቀንሳ ደጄ ላይ ቆማ ስታለቅስ ግን አፌ ራሱ ቀደመኝ፤ "ግቢ፣ አንዲት ዘፈን ላሰማሽ" አልኳት። ከዚያ ወንበር ስቤ ትይዩዋ ተቀመጥኩና ዓይኔን ፊቷ ላይ ተከልኩ። ሳቀችብኝ። እኔም ከክብርት አክስቴ የተሻለ ነገር ከማንም እንዳልተማርኩ ገባኝ።

ይህን ጽሑፍ ሰው ሳያየው በፊት ለእሷ አነበብኩላት። "ጥርሱንም ጻፊ፣ ፋይሉንም ጻፊ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ስሳሳት መኖሬንም ጻፊ፤ ሰው ይሳቅ" አለችኝ። ከዚያ እናቴ ወዳለችበት ክፍል አየት አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "አንዲት ነገር ብቻ ተዪልኝ፣ የኔ ልጅ። ሰባተኛዋ ላይ ያየሽኝን። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፣ አላየችኝም። ካነበበች 'እንደምችል አላመንሽም ነበር ማለት ነው' ትለኛለች።" እኔ አንገቴን ደፋሁ እንጂ እሺ አላልኩም።

ሰባተኛዋ እርምጃ ላይ የእናቴ ትከሻ ሲዘም፣ አክስቴ ከወንበሯ ተፈናጥራ ከኋላዋ ደርሳ፣ ሁለት ክንዶቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ነበር። በጣቶቿና በእናቴ ጀርባ መካከል አንድ ስንዝር አይሞላም። ፊቷ አመድ መስሏል። እንደዚያ ሆና፣ ሳትነካት፣ ትንፋሿን ውጣ፣ የቀሩትን አራት እርምጃዎች ከእህቷ ኋላ እግር በእግር ሄደች፤ ዘፈኑ ሲጠፋና እናቴ ልትዞር ስትል ግን ክንዶቿን ቶሎ ሰብስባ ደረቷ ላይ አጣመረች፣ ፊቷንም አኮሳትራ፣ ዘፈኗን ማን እንዳጠፋባት ለመቆጣት ተዘጋጀች።