ዚፑ የተያዘበት ወራሪ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋሽ መሸሻ ሕልም አዩ። ሰዓቱ የድሬዳዋ ፀሐይ አናት የሚበሳበት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊልም ባሳዩበት ሲኒማ ቤት፣ ከማጫወቻው ማሽን አጠገብ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሸለብ አደረጋቸው።

ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሳቸው ግን ቁልፉን የሚረከባቸው ስላጡ በየቀኑ እየመጡ የፊልሞቹን አቧራ ይጠርጋሉ። አብልጠው የሚወዱት ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ምድርን የሚወሩባቸውን፣ በርካሽ የተሠሩትን የድሮ ፊልሞች ነው። መንኮራኩሩ የተንጠለጠለበት ክር ሲታይ አዳራሹ በሳቅ ይናወጥ ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ግን የሠሪዎቹ ልፋት ስለሚያሳዝናቸው፣ ክሩ እንዳይጎላ ብርሃኑን ቀነስ ያደርጉላቸው ነበር።

በሕልማቸው ከሲኒማ ቤቱ ሲወጡ ግን ክሩ ያለው ሰዎች ላይ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ከሰማይ በወረደ ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ባጃጆቹም በክር ናቸው፤ ሲታጠፉ ይወዛወዛሉ። የትራፊክ ፖሊሱ ከኋላቸው እየሮጠ፣ "እባካችሁ ቅጡኝ፣ ዛሬ ማንም አልቀጣኝም" ይላል። ጋሽ መሸሻ እጃቸውን ወደ አናታቸው ሲሰዱ የራሳቸውን ክር አገኙት። ትንሽ ላልቷል።

ወዲያው ከሁለት የድስት ክዳን የተገጣጠመ መንኮራኩር በባቡር ጣቢያው በኩል መጣ። እሱ ክር የለውም። አደባባዩ ላይ አርፎ አንድ አረንጓዴ ወራሪ ወረደ። ሕዝቡ መሸሹን ትቶ ተሰለፈለት። ከፊት የቆሙት ወታደሮች ነበሩ።

"በወጉ ማርከን" አለ የወታደሮቹ አዛዥ። "ከጠዋት ጀምሮ እጃችንን አንሥተን ቆመናል።"

ወራሪው አልሰማውም። ከፍራሽ ስፖንጅ በተሰፋ ልብሱ ውስጥ በላብ ተጠምቋል። ቀጥ ብሎ ወደ ጋሽ መሸሻ መጣ።

"ጋሼ፣ ጀርባዬ ላይ ያለው ዚፕ ተይዟል" አለ። "ይክፈቱልኝ።"

"እኔን በምን አወቅኸኝ?"

"ስንት ጊዜ ከሸራው ላይ ሆነን አይተንዎታል። ሌላው ሲስቅብን እርስዎ መብራት ይቀንሱልን ነበር።"

ጋሽ መሸሻ አፈሩ። ይህን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስላቸውም ነበር። ከኪሳቸው ቁራጭ ሻማ አውጥተው ዚፑን ቀቡት፣ በጥርሳቸውም ሳቡት። ሲከፈት ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ። ሰልፈኛው ሁሉ ሹራብ ፍለጋ ሄደ።

"እንግዲህ ውረር" አሉት ጋሽ መሸሻ።

"ለመውረር አይደለም የመጣነው። እናንተ ፊልም ማየት ከተዋችሁ ወዲህ የሚስቅብን አጣን። እንኳን ምድርን፣ አንድ ጎረቤት ማስደንገጥ አቃተን። አንድ ጊዜ ብቻ ይሳቁልን።"

ጋሽ መሸሻ ሞከሩ። ሳቁ አልመጣ አላቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን አቧራ ሲጠርጉ የሳቁበትን ቀን አላስታወሱም። ወራሪው አንገቱን ደፋ። የስፖንጅ ጆሮው ተገንጥሎ መሬት ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ አነሣና ይቅርታ እየጠየቀ አፍንጫው ላይ ለጠፈው። ያኔ ሳቁ ከሆዳቸው ተነሣ። ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ አንድ እጅ ትከሻቸውን ያዛቸው።

ነቁ። አራት ሰዎች ቢጫ ቆብና የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ለብሰው ክፍሉን በሜትር ይለካሉ። አንደኛው ግድግዳውን ያንኳኳል። ሕንጻውን ለማፍረስ የተላኩ ናቸው።

"ሰው የለበትም ብለህ ጻፍ" አለ አለቃቸው። ከዚያ ወደ ጋሽ መሸሻ ዞረ። "አባት፣ እርስዎ ከየት ነው የመጡት?"

"ከዚሁ ነኝ" አሉ።

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አያቸው።

"መታወቂያ ይዘዋል?"