ከዛሬ ጀምሮ ቀይ ደህና ነው

የመሥሪያ ቤታችን ዋና ዳይሬክተር የባክቴሪያን ጠባይ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ያረሙበት ቀን እንዲሁ ተረስቶ መቅረት የለበትም። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝና፣ ስለዚያ ቀን ከእኔ በላይ ምስክር ላሳር!

የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪያችን ሦስት ዓመት ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀርቅራ፣ ከድንች ስታርች ስስ የምግብ መሸፈኛ ሠራች። እንደ ፕላስቲክ ምግብ ይሸፈንበታል፤ ሲጣል ደግሞ አፈር ውስጥ በአርባ ቀን በስብሶ ድራሹ ይጠፋል። በዚያ ላይ አይዋሽም፦ ምግቡ ደህና ከሆነ አረንጓዴ ነው፤ ባክቴሪያ ሲራባበት ይቀላል። ዳይሬክተሩም በቸርነታቸው፣ «ምረቃው ካማረ ላቦራቶሪሽ ይቀጥላል፤ ካላማረ ክፍሉ ለስብሰባ አዳራሽ ይፈለጋል» አሏት። አዳራሽ ያለን ስድስት ብቻ ነበር፤ መቼም ችግሩን ታውቁታላችሁ።

የምረቃው ዕለት ለሰማንያ እንግዶች ዓሣ በሩዝ ተሰናድቶ፣ ሳህኑ ሁሉ በአዲሱ መሸፈኛ ተሸፍኖ ተደረደረ። የካፌው ማቀዝቀዣ ከሐሙስ ጀምሮ ቆሟል፤ ይህ ግን በሪፖርት ስላልቀረበ እንደሚሠራ ይቆጠራል። አራት ሰዓት ላይ ሰማንያው ሳህን እንደ ቲማቲም ቀላ።

ተመራማሪዋ በደስታ እየሮጠች መጣች።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ ሠራ! ሰማንያውም አንድ ሳይቀር ሠራ!»

«ምኑ?»

«ምግቡ ተበላሽቷል!»

ዳይሬክተሩ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። «እንግዶቹ በር ላይ ደርሰው? ቶሎ አረንጓዴ አድርጊው!»

«እኔ እኮ አይደለሁም ያቀላሁት፤ ባክቴሪያው ነው።»

«ባክቴሪያው ተጠሪነቱ ለማን ነው?»

«ለማንም።»

«ይኸው! መዋቅር የሌለው ነገር መጨረሻው ይሄ ነው!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ጻፍ። ከዛሬ ጀምሮ ቀይ 'ደህና'፣ አረንጓዴ 'የተበላሸ' ተብሎ እንዲነበብ ተወስኗል።»

ማኅተም ተመታበትና በየግድግዳው ተለጠፈ።

«ኧረ ክቡርነትዎ፣ ባክቴሪያ ደብዳቤ አያነብም!» አለች ተመራማሪዋ።

«ግልባጭ ይደረግለታል» አሉ።

ሕዝብ ግንኙነቱ ማይክሮፎን ጨብጦ፣ «እንደምታዩት ሁሉም ቀይ ነው፤ እንኳን ደስ አላችሁ!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዳይሬክተሩ አርአያ ለመሆን ሁለት ሳህን በሉ። እኔም የደመወዝ ሰው ነኝና በላሁ። ሳይበሉ የቀሩት ተመራማሪዋና የካፌው ምግብ አብሳይ ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ አይበሉም እንዴ?» ብላቸው፣

«እኔ? የራሴን እጅ እያወቅሁ?» አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ ደረጃው ድረስ ወረደ። የሥልጣን እርከን የሚባል ነገር ቀረ፤ የቀደመ ገባ። ሕዝብ ግንኙነቱ በር እየደበደበ ለጋዜጠኛ በስልክ፣ «ፕሮግራሙ በደመቀ ሁኔታ ቀጥሏል» ይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁላችንም በተኛንበት ሆስፒታል፣ ግሉኮስ የተሰካለት አጣሪ ኮሚቴ ተሰየመ። ሰው ሁሉ ታሞ ሁለት ሰዎች እንዴት ደህና ሊሆኑ እንደቻሉ በጥልቀት ተመረመረ። የምግብ አብሳዩ ነገር የልምድ ነው ተብሎ ታለፈ። ተመራማሪዋ ግን ያልታመመችው መመሪያ ስላላከበረች መሆኑ ተረጋግጦ፣ ላቦራቶሪው እንዲዘጋ ተወሰነ። የዳይሬክተሩ ፊርማ ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ተመራማሪዋ በዚያው በመሸፈኛዋ የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። እኔ ከዳይሬክተሩ አጠገብ ባለው አልጋ መዝገቤን ታቅፌ ተኝቻለሁ።

«ዛሬ ጠዋት ቤቴ የሠራሁት ሾርባ ነው፤ ይቅመሱልኝ» አለቻቸው። «ካመመዎት ይፈርሙ፣ ላቦራቶሪዬ ይዘጋ። ካላመመዎት ግን ይተዉልኝ።»

የሦስት ዓመት ልፋቷ እዚያች ሳህን ላይ ነው፤ አንጀቴን በላችው።

መሸፈኛው ቁልጭ ያለ አረንጓዴ ነበር። እህል ከቀመሱ አራት ቀን የሆናቸው ዳይሬክተር በሩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ዙር!» አሉኝ።

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። መጀመሪያ ፉት ሲሉ፣ ቀጥሎ ማንኪያው ሲንቀጫቀጭ፣ በመጨረሻም ሳህኑ ሲላስ ሰማሁ። ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ምንም የለም፤ እንዲያውም፣ «ተጨማሪ የለም?» አሉ።

«የለም፤ ታዲያ ላቦራቶሪዬስ?»

«ይቀጥላል! እኔ እያለሁ ማን ነክቶት!»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ብቻ» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ፣ «መመሪያው እንደጸና ነው። መሸፈኛው ቀይ ነበር ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

ብዕሬን አንስቼ ተመራማሪዋን አየኋት። ባዶውን ሳህን አነሳች።

«ጻፍ» አለችኝ። «ደማቅ ቀይ።»