የጋሽ ወርቁ አጋዘን

ከተማው ራሱ ሁለት ስም ይዞ በሚኖርበት አገር ሰው በአንድ ስም ይብቃቃል ብላችሁ እንዳትገምቱ። በዕድሜ ገፋ ያልነው «አሰበ ተፈሪ» እንላለን፤ ልጆቻችን «ጭሮ» ይላሉ፤ የሚኒባሱ ረዳት የተሳፋሪውን ፊት እያየ ሁለቱንም ይጣራል። እኛም እንደዚያው ነን። እናት ያወጣችልን ስም ለመታወቂያና ለሠርግ ካርድ ይሆናል፤ በቀረው ጊዜ የምንጠራው ከተማው በለጠፈብን ነው። የዚህ ስም ክፋቱ ደግሞ አንድ ቀን ባመለጣችሁ ነገር ይወጣና ዕድሜ ልካችሁን ይከተላችኋል። አንድ ጊዜ ከአህያ የወደቀ ሰው ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ቢነዳ እንኳ «አህያ የጣለው» እንደተባለ ይቀበራል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን የተረተው ሰው ቅጽል ስም የወጣለት ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ማንሳቴ ስለ ጋሽ ወርቁ ልነግራችሁ ነው። ጋሽ ወርቁ የከተማችን ፎቶ አንሺ ነበሩ። «ነበሩ» የምለው ፎቶ ቤታቸው ስለተዘጋ እንጂ እሳቸውስ ሰማንያን እየተጠጉ፣ ጉልበታቸው ቢከዳቸውም አእምሯቸው ከእኔ በተሻለ ንቁ ሆኖ፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከሂርና እስከ መቻራ ያገባ፣ የተመረቀ፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳ፣ ለሐጅ ፓስፖርት ያወጣ ሁሉ እሳቸው ፊት አገጩን ቀና አድርጎ ተቀምጧል። የእኔን የስምንተኛ ክፍል ጉርድ ፎቶም ያነሱት እሳቸው ናቸው። «ስንዱ፣ ትንፋሽሽን ያዢ» አሉኝ፤ ያዝኩ። አንስተው መጨረሳቸውን ሳይነግሩኝ ወደ ጓዳ ስለገቡ ልታፈን ምንም አልቀረኝም። ከጀርባዬ ባለው መጋረጃ ላይ ፏፏቴና አውሮፕላን ተስሎ ነበር። ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው የጠየቀ ሰው አላስታውስም። በዚያ ዘመን ሰው ፎቶ ቤት የሚሄደው የሆነውን ሊነሳ ሳይሆን የተመኘውን ሊነሳ ነበር።

በፎቶ ቤቱ መስኮት፣ ከሙሽሮቹ መሀል፣ ክንድ የሚያህል ጥቁር ሌንስ ተጋድሞ ይኖር ነበር። ሩቅ ያለውን አቅራቢ ነው፤ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የውጭ አገር ሐኪም የተወላቸው። ለፎቶ ቤት ሥራ አይሆንም። በእሱ ጉርድ ለመነሳት ሰውየው አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል። ታዲያ እኔ ተማሪ ሳለሁ ጋሽ ወርቁ ይህን ሌንስ ተሸክመው ወደ መቻራ በሚወስደው መንገድ ወዳለው ደጋ ደን ወጡ። በሦስተኛው ቀን ጭቃ ለብሰው ተመለሱና «ትልቅ ወንድ አጋዘን ፊት ለፊቴ ቆመ፤ አነሳሁት» አሉ። ከተማው ፎቶውን ጠበቀ። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ባዶ ነው። «ፊልሙ የካሜራውን ጥርስ አልያዘም ነበር፤ አልዞረም» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ያን ጊዜ ነው ሀጂ ዩሱፍ የተናገሩት። ሀጂ ዩሱፍ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ የጋሽ ወርቁ እኩያ፣ የአጥር ጎረቤት። ያኔ ገና ሀጂ አልሆኑም፤ ምላሳቸውም ሐጅ አላደረገም። «የእኔን ሠርግ ሲያነሳ ያልሳተ ፊልም አጋዘን ሲያይ ደነገጠ?» አሉ የጫት በርጫ ላይ። ፍርዱ ተሰጠ። ጋሽ ወርቁ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ወርቁ አጋዘን» ሆኑ። አርባ ዓመት ሙሉ በደጃቸው የሚያልፍ ሁሉ «ጋሽ ወርቁ፣ አጋዘኑ ደህና ነው?» ይላቸዋል። አይቆጡም። ይልቅ የሚሰማቸው ካገኙ ያንን ቀን ቃል ሳይጨምሩ ቃል ሳይቀንሱ ይተርካሉ። ሀጂም ከአጥሩ ማዶ ሆነው ይስላሉ።

እኔ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ተማሪዎቼ ለመሸኛ ካሜራ ሰጡኝ፤ ሚረርለስ የሚሉትን፣ እንደ ድሮው ካሜራ ሆዱ ውስጥ መስታወት የሌለውን። ቀላል ነው፤ ብልህ ነው፤ ግን አብሮት የመጣው ሌንስ አጭር ነው። አሞራ አነሳሁ ብዬ ሳየው ሰማዩ ላይ ዝንብ ያረፈ ይመስላል። ፎቶውን ለጋሽ ወርቁ ባሳያቸው ረጅም ጊዜ ሲስቁ ቆዩና የቤታቸውን ቁም ሳጥን ከፍተው ያንን ጥቁር ሌንስ በነጠላ ተጠቅልሎ አወጡት።

«ወፍ አንሺበት» አሉኝ። «ደጋው ግን አትውጪ። ጭጋግ ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ሻጋታ ይገባል።»

ለሌንሱ የሳሱ መሰለኝ። እኔ ደግሞ በልቤ ሌላ ነገር ወሰንኩ። እኚህ ሽማግሌ ይችን ዓለም ሳይሰናበቱ እውነታቸውን በፎቶ አረጋግጬ ስማቸውን አጥባለሁ አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ። አስተማሪ ጡረታ ሲወጣ የሚያርመው ደብተር ስለሚያጣ ሰውን ማረም ይጀምራል።

አሮጌው ሌንስ ከአዲሱ ካሜራ ጋር እንዲሁ አይገጥምም። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ማገናኛ ቀለበት ላከችልኝ፤ አዳፕተር ይሉታል። ውስጡ ሽቦ የለ፣ ብርጭቆ የለ፤ ባዶ ቀለበት ነው። ሥራው ሁለቱን በልካቸው አራርቆ መያዝ ብቻ ነው። ጥሩ አስታራቂ ሽማግሌም ከዚህ የበለጠ አይሠራም። ገጥሜ ካሜራውን ባበራው «ሌንስ አልተገጠመም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ክንድ የሚያህል ብረት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ! ከእሱ በፊት የተሠራውን ሁሉ አላውቅም ማለት የካሜራ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ሦስት ቀን ማውጫውን ስበረብር «ሌንስ ባይኖርም አንሳ» የሚል ትእዛዝ አገኘሁለትና ተስማማን። ትኩረቱን ግን ራሱ አያስተካክልም፤ ቀለበቱን በእጅ ማዞር ነው። የጠራው ነገር ዳር ላይ ቀይ መስመር ይወጣል፤ አጉልቶ ማየትም ይቻላል። ባጎላሁት ቁጥር ግን የእጄም መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል።

ደጋውን የት ጋ እንደወጣሁ አልነግራችሁም። እናንተን ጠርጥሬ ሳይሆን፣ ከእናንተ የሚሰማውን ስለማላውቀው ነው። በጫካው ጥግ የሚኖሩ ኦቦ አህመድ የሚባሉ ገበሬ መሩኝ። በመጀመሪያው ጉዞ ጭጋግ ብቻ አነሳሁ። በሁለተኛው ጉሬዛዎች ከዛፍ ላይ ሆነው ሙሉ ቀን ታዘቡኝ። በሦስተኛው ጉዞ ሌንሱን የማስደግፍበት ግማሽ ጆንያ ማሽላ ይዤ ሄድኩ፤ ከባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ይልቅ እሱ ላይ ሲተኛ አይነቃነቅም።

ኦቦ አህመድ ጆንያውን አዩና «አቦ መምህርት፣ ማሽላ ለመነጽር ትራስ ሲሆን ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ዝም አሰኙኝ። «ገደምሳ» አሉ በሹክሹክታ፤ አጋዘኑን በኦሮምኛ።

ከአስታ ቁጥቋጦው መሀል ወጣ። ግራጫ ነው፤ አንገቱ ላይ ነጭ አለው፤ ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቀለበቱን አዞራለሁ። ቀዩ መስመር ቁጥቋጦው ላይ ወጣ፤ መለስኩት፤ እንስሳውን ዘሎ ኋላው ያለው ዛፍ ላይ ወጣ። አጎላሁት። ምስሉ ቱክ ቱክ ይላል፤ የልቤ ምት ነበር። ያን ጊዜ ሳላስበው ትንፋሼን ያዝኩ። ቀዩ መስመር ዓይኑ ላይ አረፈ። ሦስት ጊዜ አነሳሁ። አንዱ ላይ ቅጠሉ ጠራ፤ አንዱ ላይ ጆሮው፤ ሦስተኛው ላይ ዓይኑ። አጋዘኑ ዘወር ብሎ ነጭ ጅራቱን አሳየንና ገባ፤ ሲሄድም አንድ ጨመርኩ። ኦቦ አህመድ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔ ጆንያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አሁን በከተማችን ፎቶ የሚያጥብ የለም፤ ባነር የሚያትም ግን በየመንገዱ ነው። ሦስተኛውን ወደ አንዱ ወሰድኩት። ልጁ አየና «ከሥሩ ‹እንኳን ደስ አለዎት› ልበልበት?» አለኝ። ምንም አትበልበት አልኩ። እሱ ምንም አላለበትም፤ ለከተማው ግን ሁሉንም አለ። ባነሩ ቀለሙ ሳይደርቅ ባጃጆቹ እንኳ «የጋሽ ወርቁ አጋዘን ተገኘ» እያሉ ነበር።

ከቀትር በኋላ ባነሩን ጠቅልዬ ጋሽ ወርቁ ቤት ገባሁና ግድግዳው ላይ ዘረጋሁት። መነጽራቸውን አደረጉ። ተነስተው ተጠጉ። ደስታ ጠብቄ ነበር፤ አላየሁባቸውም። ካሜራውን አውጥቼ ሌሎቹን፣ ሲሄድ የታየበትንም፣ አሳየኋቸው።

«ጅራቱ ከሥሩ ነጭ ነው እንዴ?» አሉ።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ የማያውቅ ተማሪ ጥያቄ በድምፁ ይገባኛል። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አላየሁትም፣ ስንዱ» አሉ። «ሦስት ቀን ዝናብ ነው። ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ፤ አለቀ። ከመሄዴ በፊት ፍሬሙን አሠርቼ ነበር፤ የመስኮቱንም ቦታ ለቅቄ። ስመለስ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ‹እህሳ?› አለኝ። አየሁ አልኩ። አንድ ቀን ብቻ ልላት ነበር።» ቁጭ አሉ። «እኔ አጋዘን የማውቀው ከአሥር ሳንቲም ላይ ነው።»

ስም ላጥብ ሄጄ የሰውየውን ብቸኛ ልብስ አጥቤ ራቁቱን አስቀረሁት። በሩ ተንኳኳ። ሀጂ ዩሱፍ ናቸው፤ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው። አጥር ተጋርተው ሲኖሩ ለሰላምታ እንጂ ለቁም ነገር ገብተው አያውቁም።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ። ባነሩን አዩ፤ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወደ ጋሽ ወርቁ ዞሩ። «ወርቁ፣ አውፍ በለኝ። ስም ያወጣሁብህ እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅህ መጣሁ።»

ጋሽ ወርቁ እኔን አዩኝ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ «እሺ» ብትወጣቸው አርባ ዓመት ይዘጋል፤ እኔም ዝም ለማለት ከልቤ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ተቀመጥ፣ ዩሱፍ» አሉ። «ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ። አላየሁም። ፊልሙ ጥርሱን ይዞ ነበር፤ የማነሳው አጥቼ ነው።»

ሀጂ አልተቀመጡም። ይስቃሉ ብዬ ፈራሁ፤ ያችኑ የበርጫ ቀን ሳቅ። አልሳቁም። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በዝግታ ወንበር ሳቡ።

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«እሱን ነዋ» አሉ ወደ ባነሩ እየጠቆሙ። «አንተ በወጣህ በዓመቱ ከመቻራ ቡና ጭነን ስንመለስ መኪናችን ጭቃ ያዘው። ጎሕ ሲቀድ ለሶላት ውዱእ ላደርግ ወደ ምንጭ ወረድኩ። ከማዶ ሆኖ ይጠጣል። ወላሂ፣ ከዚህ እስከ በሩ ቢሆን ነው።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማን እናገራለሁ? ብናገር አንተ እውነተኛ ልትሆን ነው።» ሀጂ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «አንተ በየቀኑ ያንን ስትተርክ ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ እሰማሃለሁ። እንዲህ አልነበረም፣ እንዲህ አይቆምም ልልህ እፈልጋለሁ። አፌን ይዤ እስላለሁ።»

እኔ መሀላቸው ቆሜ ለማን እንደማዝን ጠፋኝ። ያላየው አየሁ ብሎ ሲሳቅበት ኖረ፤ ያየው ያላየውን እውነተኛ እንዳያደርግ አፉን ይዞ ኖረ። ከሁለቱ የትኛው እንደዋሸ የከተማው ሽማግሌዎች ቢቀመጡበት በአንድ በርጫ አይጨርሱትም። እኔም አልነገርኳቸውም። ለእናንተ የነገርኩት ከሩቅ ናችሁ ብዬ ነው።

ጋሽ ወርቁ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ሀጂ ተጠጉ። አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ ደህናውን አዞሩ።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉ። «ሲጠጣ ቀንዱን ምን ያደርገዋል?»