ጆሮው ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ

እኛን ሐበሾችን የመንገድ ስም ምን ያደርግልናል? ፍራንክፈርት ቀራፂዎችን ጋብዛ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚቆሙ ቅርፆች በየአደባባዩ ስታሠራ፣ በሰፈራችን በቦከንሃይም ከሁሉ አብልጦ የፈነጠዘው ማን ይመስላችኋል? ጎረቤቴ ጌታሁን ነዋ! ከበራችን ማዶ ቤት የሚያክል ቀይ የእንጨት ጆሮ ተተከለ። ከዚህ የተሻለ ምልክት ከየት ይመጣል?

ለልጁ ክርስትና የጠራውን ሁሉ፣ "አድሬስ ምን ያደርጋል? ጆሮው ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ!" አለ።

በግብዣው ዕለት ጠዋት ሠራተኞች መጥተው ጆሮውን በመኪና ጭነው ሄዱ። ቀትር ላይ ዳቦውን ባርከው የሚቆርሱልን ጋሽ ታደሰ ደወሉ። እኛ በረሃብ አልቀናል።

"ሰው ጠይቀን ጆሮው ጋ ደርሰናል፤ ወደ ግራ ስንታጠፍ ግን ቢሮ ብቻ ነው!"

"ጋሽ ታደሰ፣ ጆሮውን እኮ ዛሬ ጠዋት ወደ ሌላ ሰፈር ወስደውታል፤ ኒደርራድ ገብተዋል!" ብሎ ጮኸ ጌታሁን።

"ታዲያ የመንገዳችሁን ስም ንገረኛ!"

ጌታሁን ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ ጣሪያው ዞርኩ። እዚህ ከገባን ገና አሥር ዓመታችን ነው፤ በምን እናውቃለን?

እኔ ግን ተምሬበታለሁ። ቅዳሜ ምሳ እኔ ቤት ናችሁ፣ በጆሮው ቦታ ከተተከለው አዲስ ሰማያዊ መሰላል ፊት ለፊት። ብቻ እንደ ልማዳችሁ እንዳትዘገዩብኝ፤ ሰኞ ይነሳል።